የሸሪፎቹ ስንክሳር

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ምሳ ሊበላ በመኪና የመጣ ሰው ጋሽ ንጋቱን ሳያውቃቸው አይቀርም። ከምግብ ቤቶቹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ፓርኪንግ ውስጥ ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሰው የሚቆሙት ቀጠን ያሉ ባለ ሽበት ሰው ናቸው። ሌላው ሞላ የሚለው ቦታ ለእሳቸው አይሞላም። አንዱን መኪና ትንሽ ወደ ግድግዳው፣ ሌላውን ትንሽ ወደ ዛፉ ያስጠጉና ቦታ አጥቶ የሚዞረውን ሰው በእጃቸው ጠርተው ያስገቡታል። እሁድና በበዓል ቀን ያንኑ ሥራ በደብራችን ግቢ በነፃ ይሠራሉ። እኔም የተዋወቅኳቸው እዚያ ነው።

መኪና በማይገባበት ሰዓት የፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ያነባሉ። ከትምህርት ቤት የወጡት በልጅነታቸው ስለሆነ እንግሊዝኛውን የተማሩት ከመዝገበ ቃላትና ከመንገድ ምልክት ነው። ቀስ ብለው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነባሉ። ያነበቡትን ግን አይረሱም፤ ለሰው ሳይነግሩም አያድሩም።

የምነግራችሁ ነገር የጀመረው በፈረንጆቹ 2015 መገባደጃ ላይ ነው። ልጃቸው ኤልሻዳይ ኮሌጅ ጨርሳ ባንክ ቤት ትሠራ ነበር። አንድ እሁድ ከቅዳሴ ወደ ኢንግልዉድ ቤታቸው ሲመለሱ፣ ከኋላ ወንበር ሆና የካውንቲው፣ ማለትም የአውራጃው፣ ሸሪፍ የፖሊስ ማሠልጠኛ እንደተቀበላት ነገረቻቸው። ባለቤታቸው እትዬ ቦሰና አማተቡ። ጋሽ ንጋቱ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባ እስኪነፋባቸው ድረስ መኪናውን አላንቀሳቀሱም።

ወጣት ሳሉ ታላቅ ወንድማቸውን ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች ለጥያቄ ትፈለጋለህ ብለው ከቤት ወስደውት አልተመለሰም። ማን እንደላካቸው፣ ማን እንደሾማቸው የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ባለ ዩኒፎርም ሲያዩ መንገድ የመሻገር ልማድ አለባቸው፤ ሎስ አንጀለስም መጥተው አልተዋቸውም። አሁን ያ ዩኒፎርም እቤታቸው ሊገባ ነው።

ማታ እራት ላይ ልጃቸውን አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት።

«ይሄን ሸሪፍ የሚባለውን የሚሾመው ማነው?»

«ማንም አይሾመውም አባዬ። ሕዝብ ነው የሚመርጠው። አንተም ትመርጣለህ እኮ፤ ሲቲዝን ነህ።»

ጋሽ ንጋቱ ዜጋ ከሆኑ ጀምሮ ምርጫ ቀርተው አያውቁም። ነገር ግን ከፕሬዚዳንቱ በታች ያለውን ሁሉ፣ የማላውቀውን ሰው እንዴት እመርጣለሁ እያሉ ባዶውን ይተዉት ነበር። በማግስቱ ከሥራ በፊት ቤተ መጻሕፍት ገቡ። ሲወጡ መጽሐፍ ታቅፈዋል፤ ፊታቸውም ሌላ ሆኗል።

ያን ቀን መኪና ሊያቆም የመጣ ሰው ሁሉ ሳይጠይቅ ተማረ። ይሄ ካውንቲ ሸሪፉን መምረጥ የጀመረው በ1850 ነው፤ ካሊፎርኒያ ገና እንደ ክፍለ ሀገር የአሜሪካ ኅብረት ውስጥ ሳትገባ። የመጀመሪያው ሸሪፍ ለዚያ ሁሉ አገር የነበሩት ሁለት ረዳቶች ብቻ ነበሩ። ከእሱ ጀምሮ እስካሁኑ ድረስ ሠላሳ ሁለት ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ቁልፋቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ምሳቸው እንዳይቀዘቅዝ እየሰጉ ቆመው ሰሟቸው። የአየር ማረፊያ ታክሲ የሚነዳው የልብ ወዳጃቸው ዳኛቸው፣ ፖሊስ ሲያይ በጓሮ ይሄድ የነበረ ሰው ዛሬ የፖሊስ ሰባኪ ሆነ እያለ ሲስቅባቸው ዋለ።

ሥልጠናው ሲጀመር ኤልሻዳይ ገና ሳይነጋ ትወጣለች፤ ማታ ስትመለስ ወጥ ቤት ተቀምጣ ጫማዋን ትወለውላለች። ጋሽ ንጋቱ ይህን ሰዓት ለራሳቸው ወሰዱት። በቤተ ክርስቲያን ስንክሳር በየቀኑ እንደሚነበብ፣ የዚያ ዕለት ቅዱስ ገድል እንደሚሰማ፣ እሳቸውም በየማታው አንድ ሸሪፍ ያነቡላት ጀመር። ከየት መጣ፣ እንዴት ተመረጠ፣ ምን ሠራ፣ እንዴት ሄደ። እየተረጎሙ፣ አንዳንዴም በዜማ ሊያደርጉት እየቃጣቸው።

እትዬ ቦሰና ይሄ አልተዋጠላቸውም። «ስንክሳር ብለህ አትጥራው ንጋቱ። ድፍረት ነው።»

«ስንክሳሩ የጻድቃን ነው፤ ይሄኛው የሰው ነው» አሉ ጋሽ ንጋቱ። «ሰውም ይነበባል።»

እውነትም የሰው ነበር። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ወንበዴ ሊይዝ ወጥቶ ከነተከታዮቹ ተገድሏል። ብዙ ዓመት ወንበሩ ላይ የቆየ አንዱ ከግሪክ የመጡ ስደተኞች ልጅ ነበር፤ ይህን ሲያነቡ ጋሽ ንጋቱ ከወንበራቸው ተነሥተው ደግመው አነበቡት። ሌላው ምርጫው ጥቂት ቀን ሲቀረው ሞተ፤ ስሙ ግን ካርዱ ላይ ታትሞ ስለነበር ሕዝቡ ከሐዘኑ ጋር ድምፅ ሰጠው። በጋዜጣ የተወቀሰም፣ ፍርድ ቤት የቆመም ከመሐላቸው ነበር፤ ጋሽ ንጋቱ እሱንም ሳይዘሉ አነበቡ። ከሁሉ ያስደሰታቸው ግን ሸሪፍ ያልነበረች ሴት ታሪክ ነው። በ1912 ዴፒዩቲ ማለትም የሸሪፍ ረዳት ሆና የተሾመች፣ በዚህ ካውንቲ የመጀመሪያዋ ሴት። ያን ማታ ኤልሻዳይ ብሩሹን አስቀምጣ አዳመጠች።

አንድ ስሕተት ግን ሠርተዋል። ጋሽ ንጋቱ ዘመን የሚቆጥሩት እንደ ቤተ ክርስቲያናቸው ነው። የፈረንጅ ዓመት ሲያነቡ አንዳንዴ ሳያስቡት ስምንቱን ቀንሰው ይናገራሉ። ለኤልሻዳይም የመጀመሪያውን ሸሪፍ ሲያነቡላት እንዲሁ አደረጉ። በመጀመሪያው ሳምንት አሠልጣኙ በሰልፉ መሐል እየተዘዋወረ የመሥሪያ ቤቱን ታሪክ ሲጠይቅ እሷ ፊት ደረሰ። እዚያ ሰው የሚጠራው በመጨረሻ ስሙ ነው፤ የእኛ ሰው የመጨረሻ ስም ደግሞ የአባቱ ነው። ስለዚህ ከጧት እስከ ማታ በዚያ ሜዳ ላይ የሚጮኸው የጋሽ ንጋቱ ስም ነበር።

«ንጋቱ! የመጀመሪያው ሸሪፍ መቼ ተመረጠ?»

ኤልሻዳይ ደረቷን ነፍታ 1842 አለች። አሠልጣኙ በዚያ ዓመት ይሄ የቆሙበት መሬት የሜክሲኮ እንደነበር በእርጋታ አስረዳትና ሰልፈኛውን በሙሉ መሬት ላይ አስተኛው።

ማታ ቤት ስትገባ ማንኪያ ማንሣት አቅቷት ነበር። «አባዬ፣ በአንተ ካላንደር መላው ክላስ ፑሽአፕ ሠራ» አለች። ጋሽ ንጋቱ ደነገጡ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ አሠልጣኙ ዘንድ ልሂድ እስከማለት ደረሱ። እትዬ ቦሰና ግን ልጃቸው ማሠልጠኛ ከገባች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሦስቱም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ዓመት የሚጠራው «እንደ እነሱ» ወይም «እንደ እኛ» ተብሎ ነው።

በዚያው ማታ ኤልሻዳይ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። በምረቃው ቀን ባጁን፣ ማለትም የሸሪፍ ዓርማውን፣ ተመራቂው ደረት ላይ የሚሰካው ከቤተሰብ አንድ ሰው ነው። እሷም እሳቸውን መርጣለች። ጋሽ ንጋቱ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ገብቷቸዋል። መርቄሻለሁ የሚለው ቃል እስከዚያ ቀን ድረስ ከአፋቸው አልወጣም ነበር። ብዙ ካሰቡ በኋላ እኔው እሰካልሻለሁ፣ ቃሌ ነው አሏት። መቼ እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ከኢስተር በኋላ፣ ኤፕሪል መጨረሻ ነው ብለውናል አለች። ከፋሲካ በኋላ ከሆነማ ጾሙን ፈትቼ፣ ጉልበት አግኝቼ እመጣለሁ ብለው ተደሰቱ።

የዚያን ዓመት የፈረንጆቹ ፋሲካ ከፋሲካችን አንድ ወር ከምናምን ይቀድም ነበር። እነሱ እንቁላላቸውን ቀለም ሲቀቡ እኛ ገና መጻጉዕ ላይ ነበርን። ጋሽ ንጋቱ ይህን አያጡትም፤ ልጃቸው ስትናገር ግን ኢስተር የሚለውን ቃል የሰሙት በእኛ ፋሲካ ነው። እሷም ደክሟት ስለነበር ቆጥራ አላየችውም።

ነገሩን ያወጣው ዳኛቸው ነው። ሆሳዕና ሊገባ ቀናት ሲቀሩት ፓርኪንጉ ውስጥ ቆመው ሲያወሩ፣ ምረቃው መቼ እንደሆነ ጠየቃቸው። ኤፕሪል ሃያ ዘጠኝ፣ ዓርብ፣ ጧት በአራት ሰዓት አሉት። ዳኛቸው ያን ቀን እሱም ከሥራ ፈቃድ እንደወሰደ ነገራቸው።

«አንተ ደግሞ ለምን?»

«ለስቅለት ነዋ። ምነው አንተ ሰውዬ፣ በስቅለት ነው እንዴ የምትደግሰው?»

ጋሽ ንጋቱ የሰው ቁልፍ እጃቸው ላይ እንዳለ ደርቀው ቀሩ።

ወንድማቸው ከተወሰደበት ዓመት ጀምሮ ስቅለትን ለእሱ ብለው ሳይሰግዱ ያሳለፉበት ጊዜ የለም። ሱዳን ካምፕ ውስጥ ሳሉ እንኳ ድንኳን ውስጥ፣ አሸዋ ላይ ሰግደዋል። መቃብሩን አያውቁትም፤ የሚያደርጉለት ይሄንኑ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ለልጃቸው ቃል ገብተዋል። ያ ቃል ደግሞ ተራ ቃል አልነበረም።

ማታ ነገሯት። ኤልሻዳይ ከጫማዋ ቀና ሳትል ሰማቻቸው።

«ኢትስ ኦኬ አባዬ። ቤተሰብ የሌላቸው አሉ፤ ለነሱ ኢንስትራክተሩ ነው የሚሰካላቸው። ለእኔም እሱ ያደርግልኛል። ሶ፣ አንተም እማዬም ስገዱ።»

እትዬ ቦሰና እኔ እሄዳለሁ ቢሉም እምቢ አለች። ከዚያም መወልወሏን ቀጠለች። ብታለቅስ ይሻላቸው ነበር። ያን ማታ ሸሪፍ አልተነበበም፤ በማግስቱም አልተነበበም።

ሆሳዕና ዕለት ጋሽ ንጋቱ ጣታቸው ላይ የዘንባባ ቀለበት እንዳሰሩ የንስሐ አባታቸውን ቀሲስ ፋኑኤልን ጠበቋቸውና ሁሉንም ነገሯቸው፤ ስለ ወንድማቸውም፣ ስለ ቃላቸውም፣ ስለ ሁለቱ ፋሲካም። ቀሲስ ፋኑኤል ፓርኪንግ በገቡ ቁጥር አንድ አንድ ሸሪፍ ስለሚሰሙ ለነገሩ አዲስ አልነበሩም።

«እነሱ ዘንድ ስንት ሰዓት ያልቃል?» አሉ።

«ከስድስት ሰዓት በፊት ነው የሚሉት አባ።»

«የእኛ ስግደት የሚያልቀውስ?»

«አሥራ አንድ ሰዓት።»

«እንግዲያው ሂድና ለልጅህ የገባኸውን ፈጽም። ሳትቀምስ ሂድ፣ ሳትቀምስ ተመለስ። የጎደለውን በጥብጣብ ጊዜ እኔው እጨምርብሃለሁ፤ አታመልጠኝም።» ትንሽ ቆይተው ግን ፊታቸው ጠቆር አለ። «መኪናውንስ ማን ያቆምልናል?»

ዳኛቸው እኔ አለሁ አለ። ታክሲውን ሁልጊዜ በሁለት መስመር መሐል የሚያቆመው ዳኛቸው። ጋሽ ንጋቱ ሰደርያቸውን አውልቀው ሲሰጡት ልጅ አደራ የሚሰጡ ይመስሉ ነበር።

ዓርብ ጧት ጋሽ ንጋቱ በሱፋቸው ላይ፣ እትዬ ቦሰና በጥቁር ቀሚሳቸው ላይ ነጠላ ደርበው ከቤተሰቦቹ መሐል ተቀመጡ። ለእንግዶች ዶናትና ቡና ተደርድሯል፤ እነሱ ውሃም አልቀመሱም። ተመራቂዎቹ በአንድ እርምጃ ሲገቡ ሜዳው ተናወጠ። ጋሽ ንጋቱ ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ እትዬ ቦሰና ነጠላቸውን ጎትተው አስቀመጧቸው፤ እንደገና ተነሡ። የተመራቂ ስም ሲጠራ ደግሞ የሰሙት የራሳቸውን ስም ነው። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ፣ በድምፅ ማጉያ።

ልጃቸው ፊት ሲደርሱ ባጁን ተቀበሉ። በግድግዳና በዛፍ መሐል መኪና ሳይጭሩ የሚያሳልፉት እጆች የባጁን መርፌ ማስገቢያ አጡ።

«አባዬ፣ እንዳትወጋኝ» አለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

ሰኩት። ቀና ሲሉ በሌላው ደረቷ በኩል ትንሽ የናስ ሰሌዳ አዩ። እንደ ልማዳቸው ቀስ ብለው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቧት። ንጋቱ ይላል። እንደሚሆን ያውቁ ነበር፤ ሲያዩት ግን ሌላ ነገር ሆነባቸው። በዚያ ዩኒፎርም ላይ።

«ሸሪፉን ሕዝብ ሾመው» አሏት በሹክሹክታ። «አንቺን የሾምኩሽ እኔ ነኝ። የሰው እናት እንዳታስለቅሺ።»

ኤልሻዳይ በሰልፍ ደንብ ቀጥ ብላ ቆማለች። ዓይኗ ብቻ ሞላ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነበር። ፎቶ አንድ ብቻ ተነሡና መኪና ውስጥ ገቡ። ኤልሻዳይ ከመነሣታቸው በፊት ዩኒፎርሟን አውልቃ ነጭ ቀሚሷን ለበሰች፤ ነጠላዋንም ተከናነበች። ሌላ ጫማ ማምጣቱን ግን ማንም አላሰበም። በነጭ ቀሚስ ሥር ያ ለወራት ሲወለወል የከረመ ጥቁር ጫማ ያብረቀርቃል።

ደብሩ በር ላይ ሲደርሱ መግባት አልተቻለም። ዳኛቸው የመጣውን ሁሉ በመጣበት ቅደም ተከተል አስገብቶ፣ አንዱን ባንዱ ላይ ዘግቶ፣ በመጨረሻም የራሱን ታክሲ በሩ ላይ ገትሮ መውጫ አሳጥቶታል። የቀሲስ ፋኑኤል መኪና መሐል ላይ ተቀብራለች። ውጭ መንገዱ ላይ የመኪና ሰልፍ ተዘርግቷል፤ የስድስት ሰዓቱ ጸሎት ደግሞ ሊጀመር ነው። ዳኛቸው በሰደርያው ጫፍ ላቡን እየጠረገ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ሰዉ እኮ ዝም ብሎ ይመጣል ይላል።

ጋሽ ንጋቱ በሩን ከፍተው ሊወርዱ ሲሉ ኤልሻዳይ ቀደመቻቸው። ሰደርያውን ከዳኛቸው ተቀብላ ከነጠላዋ በላይ አጠለቀችው።

«አባዬ፣ ግባና ስገድ።»

«አንቺ አትችይውም፤ ይሄ ጥበብ ይፈልጋል።»

«ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሳይህ ነው ያደግኩት። ግባ።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ዕለቱ ስቅለት ነው። በእጇ ብቻ ነው የሠራችው። መጀመሪያ ታክሲውን አስወጣች፤ ከዚያ አንዱን ትንሽ ወደ ግድግዳው፣ አንዱን ትንሽ ወደ አጥሩ። ከዌስት አዳምስ የመጡ አንዲት እናት መስታወታቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንቺ ልጅ፣ ከግድግዳው ጋር ልታጋጪኝ ነው እንዴ፣ ያ ሽማግሌው የት ሄደ ብለው ተቆጧት። ከዚያ ግን ወደ ጫማዋ ተመለከቱና ሳይጨምሩ በታዘዙበት ገቡ። ጋሽ ንጋቱ በሩ ላይ ቆመው ይሄን ሁሉ አዩ። ጸሎቱ ሲጀመር ወደ ፊታቸው ሳይሆን ወደ ግቢው እየዞሩ እያዩ ነበር የገቡት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጥብጣቡ ደረሰ። ሰዉ ጀርባውን ጎንበስ አድርጎ በካህናቱ ፊት ያልፋል፤ ካህኑ በወይራ ቅጠል መታ መታ አድርጎ እንደ አቅሙ ስግደት ያዝዘዋል። እኔ ከጋሽ ንጋቱ ኋላ ስለነበርኩ ሰማሁ። ቀሲስ ፋኑኤል ወይራውን ጀርባቸው ላይ አሳርፈው ጎንበስ አሉ።

«ሸሪፎችህ ስንት ናቸው ያልከኝ?»

«ሠላሳ ሁለት አባ።»

«አርባ አንድ ስገድ። ዘጠኙ ወደፊት ለሚመረጡት ይሁን።»

ጋሽ ንጋቱ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው በበሩ አጠገብ ቦታ ያዙ። ጾም ውለዋል፤ ጉልበታቸውም እንደ ድሮው አይደለም፤ ግን እንደዚያ ቀን ቀልጠፍ ብለው ሲሰግዱ አይቻቸው አላውቅም። የወንድማቸውን የክርስትና ስም እየጠሩ ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ። በየመሐሉ ደግሞ ቁጥራቸው በዝግታ ይሰማል። ሠላሳ አንድ። ሠላሳ ሁለት።

ከዚያ ቆም አሉ። በተከፈተው በር በኩል ከሥራ የሚመጡት ገና እየገቡ ነበር። ነጭ ቀሚስ የለበሰች፣ ጥቁር ጫማ ያደረገች ልጅ አንዱን መኪና በእጇ ጠርታ፣ ሞላ በሚባል ቦታ ውስጥ ቀስ አድርጋ ታስገባለች። ጋሽ ንጋቱ ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

ሠላሳ ሦስተኛውን ወደዚያ ዞረው ሰገዱ።